ኮምፒዩተሩ ለአባቴ ስንት ዓመት ሰጠው?

«የምጽፍልዎት ከሰሜን አሜሪካ ነው። አባቴ ጉሮሮው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ሕክምና ሊጀምር ነው። እንግሊዝኛ ስለማይችል ሐኪም ቤት አብሬው እየገባሁ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ ‹የሲቲ ስካን ፎቶዎቹን ለጥናት ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብተናቸው ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ሰዎች ምድብ መድቦታል› አለኝ። አባቴ ‹ምን አለ?› ሲለኝ ‹ደህና ነህ፣ ሕክምናውን ቶሎ እንጀምር ነው የሚለው› አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለመሆኑ ኮምፒዩተሩ ስንት ዓመት ሰጥቶት ይሆን? የሚለውስ ነገር እውነት ነው? ብነግረው እሱን ይገድለዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ብደብቀው ደግሞ እኔን ሊገድለኝ ነው። ምን ላድርግ?»

ደብዳቤው ይኼው ነው። የጸሐፊዋን ስምና የምትኖርበትን ከተማ ሆን ብለን ትተነዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒትም አላዝም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ደብዳቤ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ብሎ ብቻ መሸኘት አይሆንም። ልጅቱ የጠየቀችው የራሷን ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ባሕር ማዶ አባቱን ወይም እናቱን ይዞ ሐኪም ፊት ቆሞ፣ የሰማውን ዋጥ አድርጎ ሌላ ነገር ያስተረጎመ ልጅ ብዙ ነው። አገር ቤትም ቢሆን የምርመራ ውጤት ለበሽተኛው ሳይሆን ኮሪደር ላይ ለቆመው ዘመድ ሹክ ሲባል ኖሯል። አሁን ደግሞ በዚህ ላይ ኮምፒዩተር ተጨመረበት። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑ የሚያውቀውን እንወቅ፤ ከዚያ «ልንገረው ወይስ ልደብቀው» ወደሚለው እንመለሳለን።

ፎቶ ሳይሆን የቁጥር ክምር

ራጅ የተነሣ ሰው ፎቶ የተነሣ ይመስለዋል። ጀርመናዊው ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ጨረር መጀመሪያ የሰጠን በእርግጥም ጥላ ያለበት ፎቶ ነበር። ሲቲ ስካን ግን ሌላ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ይህ መሣሪያ የመጀመሪያውን በሽተኛ ያየው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ሃውንስፊልድም በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሲቲ ስካን ሰውነታችንን እንደ ዳቦ በስሱ እየቆረሰ ያያል፤ እያንዳንዷንም ነጥብ በቁጥር ይመዘግባል። ውሃ 0 ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ ጠንካራ አጥንት ደግሞ ከዜሮ በላይ ወደ 1000 እና ከዚያም በላይ ይወጣል። የሰውነት ሥጋ፣ ስብና ዕጢ በመካከሉ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው።

ሐኪሙ መስኮት ፊት አንሥቶ የሚያየው ጥቁርና ነጭ ምስል እንግዲህ ከዚያ ቁጥር የተሳለ ሥዕል ነው። የሐኪም ዓይን ትልልቁን ነገር ያያል፤ ዕጢው የት ነው፣ ምን ያህል ነው፣ የአንገት ንፍፊቶች ውስጥ ገብቷል ወይ ይላል። አንዱን ግራጫ ከሌላው ተመሳሳይ ግራጫ መለየት ግን የማንም ዓይን አይችልም። ኮምፒዩተር ግን ቁጥሩን ስለሚያነብ ይለየዋል።

ፔት ስካን የሚባልም አለ። ካንሰር ብዙውን ጊዜ ስኳር በላተኛ ነው። ፍሎሪን-18 የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር የተጣበቀበት ስኳር በደም ሥር ይሰጥና ማን ብዙ እንደበላ በመሣሪያ ይታያል። ይህ ፍሎሪን በ110 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግማሹ ስለሚጠፋ ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ አይቀርም። ብዙ ስኳር የበላው ቦታ በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል፤ መጠኑም እንደገና በቁጥር ይጻፋል።

የእንጀራ ዓይን

እናቶቻችን እንጀራ ገና ከምጣድ ሲወጣ ዓይኑን አይተው ሊጡ ስንት ቀን እንደተቦካ፣ ጤፉ ምን እንደተቀላቀለበት ይናገራሉ። ሳይቀምሱት ነው ታዲያ! የዓይኑ ብዛት፣ የቀዳዳው ጥልቀት፣ አንዱ ጥግ ከሌላው መመሳሰሉ ይነግራቸዋል።

ሳይንቲስቶችም በዕጢ ላይ ያሰቡት ይህንኑ ነው። የዕጢው ውስጥ ወጥ ነው ወይስ ዝንጉርጉር? ጠርዙ ክብ ነው ወይስ የተበጣጠሰ? ዝንጉርጉር ዕጢ ውስጥ የሞተም፣ የተራበም፣ የሚፋፋም ሴል አንድ ላይ ስለሚገኝ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል ብለው ገመቱ። ሆላንዳዊቷ የማስትሪክት ከተማ ውስጥ የሚሠሩት ፊሊፕ ላምቢንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ሙያ «ራዲዮሚክስ» የሚል ስም ይዘው ወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በሽተኛው ለምርመራ እንደሆነ ፎቶውን ተነሥቷል፤ ሌላ መርፌና ቢላዋ ሳይጨመር ከዚያው ፎቶ በመቶ የሚቆጠር ነገር ለክቶ ማውጣት ነው።

ትልቁ ወሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሁጎ ኤርትስና ባልደረቦቹ የ1,019 የሳንባና የራስና አንገት ካንሰር በሽተኞችን ሲቲ ስካን አጠኑ፤ የጉሮሮ ካንሰር ከራስና አንገት ካንሰር ይቆጠራል። ከእያንዳንዱ ዕጢ 440 ነገሮች ለኩ። ከነዚህ መካከል 4 ልኬቶችን መርጠው አንድ ቀመር አወጡ። የሚገርመው ቀመሩ የተሠራው በሳንባ ካንሰር በሽተኞች ነበር፤ በራስና አንገት ካንሰር በሽተኞች ላይ ሲሞከርም ማን ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖር የመለየት አቅም አሳየ። ዓለም ጉድ አለ። «ፎቶ አይቶ ዕድሜ የሚናገር ኮምፒዩተር ተገኘ!» ተባለ።

እንጀራው ቢፈተፈትስ?

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ለእህታችን ጥያቄ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ማቲያ ዌልች የተባለች የቶሮንቶ ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያንን ቀመር እንደገና ፈተኑት። የፈተኑበት መንገድ በጣም ደስ ይላል። በዕጢው ምስል ውስጥ ያሉትን ነጥቦች እንደ ካርታ በዘፈቀደ በወዟቸው። ዝንጉርጉሩም፣ ወጡም፣ ጥለቱም ሁሉ ጠፋ። እንጀራውን ፈትፍቶ «በል አሁን ዓይኑን አንብብ» እንደማለት ነው። መቼም ዓይኑን ያነብ የነበረ ሰው እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት ነበረበት።

ቀመሩ ግን ያው እንደ ቀድሞው መገመቱን ቀጠለ!

ምክንያቱ ሲጣራ፣ ቀመሩ በአብዛኛው ይለካ የነበረው የዕጢውን ትልቅነት ኖሯል። ዓይኑን ያነባል የተባለው ለካስ የእንጀራውን ስፋት ነበር የሚለካው። ትልቅ ዕጢ ከትንሽ ዕጢ የከፋ መሆኑን ደግሞ ሐኪሞች ያለ ኮምፒዩተርም ያውቁታል። የ2014ቱ ጥናት መሪ ኤርትስ ራሱ የዚህኛውም ጽሑፍ አንዱ ጸሐፊ ነው። የገዛ ሥራውን ፈትኖ ጉድለቱን በአደባባይ መጻፍ ትልቅ ሰውነት ነው።

እንግዲህ ይህ ማለት ሙያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሥራው ቀጥሏል፤ ጥንቃቄውም ጨምሯል። ዛሬ ይህን መሰል ቀመር ይዞ የሚመጣ ሁሉ «ከዕጢው መጠን በላይ ምን ነገርከን?» ተብሎ ይጠየቃል።

ከመቶ ስንቱን አወቀ?

«ስንት ዓመት ሰጠው?» ለሚለው መልሱ፣ እንዲህ ያለው ምደባ ዓመት ቆጥሮ አይሰጥም ነው።

የእነዚህ ቀመሮች ፈተና እንዲህ ነው። ሁለት በሽተኞች ይቀርቡለታል። «ከሁለቱ ቀድሞ የሚሞተው የትኛው ነው?» ይባላል። ጭፍን ብሎ ሳንቲም የወረወረ ሰው ከ100 ጥንድ 50ውን ያገኛል። ፍጹም የሆነ ነቢይ 100ውንም ያገኛል። የ2014ቱ ቀመር በራስና አንገት ካንሰር ላይ ያገኘው 69 ያህሉን ነው። «ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ ተሻሽሎ ይሆናላ?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሄክቶር» በተባለ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ከ9 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ883 በሽተኞች የፔትና የሲቲ ምስል ለተወዳዳሪዎች ቀርቦ ነበር። ካንሰሩ ማን ላይ ቀድሞ እንደሚመለስ በመገመት አንደኛ የወጣው ቡድን ያገኘው ውጤት ከ100 ጥንድ 68 ያህል ነበር። ከሳንቲም ይሻላል፤ ከነቢይ ግን እጅግ ይርቃል።

ሌላም ነገር አለ። የዕድር ገንዘብ ያዥን አስቡት። መዝገቡን አገላብጦ «በዓመት ይህን ያህል ቀብር እናወጣለን» ይላል፤ ብዙም አይሳሳትም። «ዘንድሮ ተረኛው ማነው?» ብትሉት ግን አፉን ይይዛል። የኮምፒዩተሩም ዕውቀት የመዝገብ ዕውቀት ነው። ስለ ብዙ ሰው ይናገራል። «ከፍተኛ ስጋት» ያለው ምድብ ውስጥ ድነው ልጅ የሚድሩ አሉ፤ «ዝቅተኛ ስጋት» ያለው ውስጥም ሳይታሰብ የሚቀደሙ አሉ። በዚያ ላይ መዝገቡ የሌላ አገር ሰው፣ የሌላ ሆስፒታል ማሽን ከሆነ ግምቱ የበለጠ ይዛባል። አንዱ ሆስፒታል ፎቶውን በሌላ ዓይነት መሣሪያ ካነሣው ቁጥሮቹም ሊለወጡ ይችላሉና።

ፎቶው ያላየው

የጉሮሮ ካንሰር በሽተኛን ዕድል ከሚወስኑት ነገሮች ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት አንዳንዶቹ በዚህ ፎቶ ላይ አይታዩም።

የመጀመሪያው ቫይረስ ነው። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ በቶንሲልና በምላስ ሥር ላይም ካንሰር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ታዋቂ ጥናት እንደሚለው፣ ካንሰሩ በዚህ አካባቢ የተነሣና ከቫይረሱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ከ100 በሽተኞች 82ቱ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ቫይረሱ ከሌለበት ግን 57ቱ ብቻ። ይህ የሚታወቀው ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ነው።

ሁለተኛው ሲጋራ ነው። በዚሁ ጥናት በቀን አንድ ፓኮ ለ10 ዓመት ከማጨስ የሚበልጥ ታሪክ ያለው ሰው ቫይረሱ ያለበት ቢሆንም ዕድሉ ዝቅ ይላል። ከዚህ ይበልጥ ሊያነቃን የሚገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የካናዳ ጥናት ነው። በጨረር ሕክምና ላይ የነበሩ 115 የራስና አንገት ካንሰር በሽተኞች ተከታትለው ሲታዩ፣ በሕክምናው ወቅት ማጨስ ካላቆሙት ከ100 ሰዎች 39ኙ፣ ካላጨሱት ደግሞ 66ቱ ከ2 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኙ። ልዩነቱ ሁሉ የሲጋራው ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ሲጋራ በጨረር ላይ ውሃ እንደሚቸልስ የካንሰር ሐኪሞች ሁሉ ይናገራሉ። እስቲ ልብ በሉ፤ የኮምፒዩተሩን ግምት ያየ ሰው ግምቱን መለወጥ አይችልም። ሲጋራውን ግን ዛሬ ማታ መጣል ይችላል።

ሦስተኛው ሕክምናው ራሱ ነው። «ዕድሉ ጥሩ ነው» ተብሎ የተገመተለት ሰው እንኳ ሕክምና ይቀነስለት ቢባል አደጋ አለው። ቫይረሱ ባለባቸው፣ ተስፋቸውም ጥሩ በሆነ በሽተኞች ላይ ከጨረር ጋር የሚሰጠውን ሲስፕላቲን የተባለ ከባድ መድኃኒት ቀለል ይላል በተባለ ሌላ መድኃኒት ለመተካት ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የአሜሪካው ጥናት ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ከባዱን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች ወደ 85ቱ 5 ዓመት ሲሻገሩ፣ ቀላሉን ከወሰዱት የተሻገሩት ወደ 78 ዝቅ አሉ። ጥሩ ግምት ማለት ሕክምና ይቅር ማለት አይደለም። መጥፎ ግምትም ሕክምናው አይጠቅምም ማለት አይደለም።

«ታዲያ ፎቶው ለምን ይጠቅማል?» እንዳትሉኝ። በጣም ይጠቅማል። እንግሊዝ ውስጥ በ564 በሽተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ካንሰሩ የአንገት ንፍፊታቸው ውስጥ የገባባቸው ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ አንገታቸው በቀዶ ጥገና እንዲጸዳ ተደረገ። የቀሩት ጨረርና ኬሞ ከጨረሱ ከ12 ሳምንት በኋላ ፔት ስካን ተነሥተው፣ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ብቻ ቢላዋ እንዲነካቸው ተደረገ። በመጀመሪያው ወገን 221 ቀዶ ጥገና ሲደረግ በሁለተኛው 54 ብቻ ተደረገ። በሕይወት የመቆየቱ ነገር ግን ከ2 ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር፤ ከ100 ሰዎች 82 ያህልና 85 ያህል። ፎቶው ብዙ ሰው ከቢላዋ አዳነ ማለት ነው። ፎቶ ትልቁ ጥቅሙ «መቼ ትሞታለህ» ከማለት ይልቅ «አሁን ምን እናድርግ» ለሚለው መልስ ሲሰጥ ነው።

እህቴ፣ ንገሪያቸው

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። «ደህና ነህ» ያልሽው ከፍቅር ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም። ግን አሁን ማስተካከል አለብሽ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

አንደኛ፣ አንቺ የፈራሽውን ነገር ሐኪሙ አልተናገረም። «ይህን ያህል ዓመት ቀረው» አላለም። ለጥናት የተሞከረ ቀመር አንድ ምድብ ውስጥ አስገባቸው፤ ያ ምድብ ምናልባት «ዕጢው ተለቅ ያለ ነው» ከማለት የበለጠ ነገር ላይኖረው ይችላል። አንቺ ግን በልብሽ የሞት ቀጠሮ አደረግሽው። የማትነግሪያቸው ነገር ከነገሩ በላይ አድጎብሻል።

ሁለተኛ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የተረቱ በሽተኛ ራሱ ደባቂው ነው፤ በእናንተ ቤት ግን የተደበቀው በሽተኛው ነው። የጉሮሮ ጨረር ቀላል ሕክምና አይደለም። ብዙውን ጊዜ ለ6 እና ለ7 ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ መመላለስ አለ። አፍ ይቆስላል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ምግብ አልዋጥ ይላል። «ደህና ነህ» የተባለ ሰው ይህን ሁሉ ስቃይ ለምን ይችላል? በአራተኛው ሳምንት «ደህና ከሆንኩ ይበቃኛል» ብለው ቢያቋርጡስ? መካከል ላይ መቋረጥ ደግሞ ሕክምናውን የሚጎዳ ነው። ሲጋራም የሚያጨሱ ከሆነ ለምን እንደሚያቆሙ ማወቅ አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ሰውየው አባትሽ ናቸው እንጂ ልጅሽ አይደሉም። ኑዛዜም፣ ንስሐም፣ የተጣሉትን ዘመድ መታረቅም፣ አገር ቤት ደርሶ መመለስም የሚሹ ከሆነ ቀኑን መምረጥ ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

እንዴት ልንገራቸው ካልሽ፣ በአንድ ጊዜ አታፍስሺው። መጀመሪያ «አባዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ልንገርህ ወይስ ዋና ዋናውን?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሁሉን መስማት የማይፈልግ ሰው አለ፤ ያም መብቱ ነው። የሚፈልጉ ከሆነ ግን በቀጣዩ ቀጠሮ በሐኪሙ ፊት ይሁን። እዚያ አገር ብዙ ሆስፒታሎች ባለሙያ አስተርጓሚ ስላላቸው አማርኛ የሚችል እንዲቀርብ አስቀድመሽ ጠይቂ። ያኔ አንቺ አስተርጓሚነቱን ትተሽ ልጅ ትሆኛለሽ፤ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ እጃቸውን ትይዣለሽ። ለጥናቱም ቢሆን ፎቶዎቻቸው በእሳቸው ፈቃድ መግባታቸውንና ፈቃዱን የሰጡት ተረድተው መሆኑን አረጋግጪ።

ወረቀት ይዛችሁ ግቡና እነዚህን ጠይቁ፦

1. ይህ ግምት የአባቴን ሕክምና ይለውጣል ወይስ ለጥናት ብቻ ነው? ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ ለመጨነቅም ምክንያት አይሆንም።

2. ግምቱ ከዕጢው መጠንና ከደረጃው የተለየ ምን ነገረን?

3. ዕጢው ለኤች ፒ ቪ ተመርምሯል? ውጤቱስ?

4. የሕክምናው ዓላማ ፈውስ ነው ወይስ ስቃይ ማስታገስ? ይህ ከማንኛውም የኮምፒዩተር ቁጥር በላይ የሚያሳውቅ ጥያቄ ነው።

5. እኛ ቤት ውስጥ ምን ብናደርግ ይጠቅማል? ምግቡ፣ ጥርሱ፣ ሲጋራው፣ መጠጡ?

6. ሕክምናው ካለቀ በኋላ ፔት ስካን መቼ ይነሣል?

አገር ቤት ላላችሁት

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ሆስፒታል ጥቁር አንበሳ ብቻ በነበረበት አገር ስለ ራዲዮሚክስ ማውራት ምን ያደርጋል ያለ ሰውም አይፈረድበትም። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ ለእኛ የሚሆን ነገር አይቻለሁ። ያ ሁሉ ማሽን፣ ያ ሁሉ 440 ልኬት ተበጥሮ ተበጥሮ መጨረሻ ላይ የቀረው «ዕጢው ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?» የሚል ሆነ። ትንሽ እያለ መድረስ ደግሞ በአብዛኛው የቀን ጉዳይ ነው፤ ቀኑን የምናባክነው እኛው ነን። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ያለ ሲቲ ስካን ነው።

እኛ ዘንድ ጉሮሮ ሲታመም «ብርድ መቶኝ ነው» ይባላል፤ «እንጥል ወርዶብኝ ነው» ይባላል፤ «ቶንሲሌ ነው» ተብሎ ከፋርማሲ የተገዛ አንቲባዮቲክ ሁለት ሦስት ዙር ይወሰዳል። እርግጥ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ካንሰር አይደለም፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። ከ3 ሳምንት ያለፈ ግን ቀልድ አይደለም። የድምፅ መጎርነን ወይም መዘጋት፣ አንገት ላይ ወጥቶ የማይጠፋ እብጠት (በተለይ የማያም ከሆነ)፣ ሲውጡ ማመም ወይም መቀርቀር፣ አንድ ጆሮ ብቻ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ አፍ ውስጥ የማይድን ቁስል፣ ከምራቅ ጋር ደም መቀላቀል፣ ያለ ምክንያት መክሳት፤ ከነዚህ አንዱ 3 ሳምንት ካለፈው ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ሐኪሙ በመሣሪያ ጉሮሮን ያያል፤ የሚያጠራጥር ካለ ናሙና ይወስዳል። አጫሽና መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ መሄድ አለበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳታቸው ከመደመርም አልፎ ይባዛልና።

መከላከሉም እጃችን ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ ቡና ቤት ውስጥ ጭሱን ለሚተፋባችሁ ሰው ይህንን ማስታወስ ነውር የለውም። የኤች ፒ ቪ ክትባትም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ለልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። ክትባቱ የመጣው ለማሕፀን በር ካንሰር ነው፤ የሚከላከለው ቫይረስ ግን ጉሮሮ ላይ ከሚወጣው ጋር አንድ ነው። «ለልጄ ምን ያደርግላታል?» እያላችሁ ትምህርት ቤት ስትከለክሉ የነበራችሁ ወላጆች ይህን ስሙ።

የኮምፒዩተሩን ቁጥር ለባለሙያዎቹ እንተውላቸው። እናንተ ግን ድምፃችሁ ከጎረነነ፣ ወይም አንገታችሁ ላይ ያለችው እብጠት ከወጣች ስንት ቀን እንደሆናት ዛሬውኑ ቁጠሩ። 21 ካለፈ ነገ ጠዋት ቀጠሮ ያዙ።